በመርካቶ በኩል ወደ አራት ኪሎ፦ በቢ4 የሚከፈት ቼዝ ደረጃ በደረጃ

ቼዝ ያሳየን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረን "መሀሉን ያዝ" ብሎ ነው። መሀል የሚባሉት አራት ቤቶች ናቸው፦ ዲ4፣ ዲ5፣ ኢ4 እና ኢ5። ሰፈሬ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ እኔ እነዚህን ቤቶች ከድሮም "አራት ኪሎ" እላቸዋለሁ። ስሙ አይበዛባቸውም። በከተማችን ወሬ አራት ኪሎ ገባ ማለት ሥልጣን ያዘ ማለት አይደል? ቼዝ ላይም መሀል የቆመ ፈረስ ስምንት ቤት ያያል፤ ጥግ ላይ የተወሸቀው ሁለት ብቻ።

ታዲያ ነጭ ይዛችሁ ገና በመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከግራ ሁለተኛውን ወታደር ወደ ቢ4 ስትገፉ ተመልካች ቢስቅ አይፈረድበትም። ሰሌዳውን እንደ ከተማ ካርታ ብታዩት፣ ሰው ሁሉ ወደ አራት ኪሎ ሲሮጥ እናንተ መርካቶ ወርዳችኋል። መርካቶ ግን የሚወረደው ለንግድ ነው፤ ቢ4ም ንግድ ነው። የዳር ወታደር ሰጥቶ የመሀል ወታደር መቀበል፣ ከዚያ በትርፉ መሀሉን መያዝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ንግድ አሠራር ነው።

ስለ አጻጻፉ ትንሽ። ቤቶቹን በነጭ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እያልኩ፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 8 እቆጥራለሁ። "×" ሲሆን በላ፣ "+" ሲሆን ቼክ (ንጉሡ ተነካ) ማለት ነው። የቤቱ ስም ብቻ ከተጻፈ የተንቀሳቀሰው ወታደር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ካለ እንቅስቃሴው የጥቁር ነው። ሰሌዳ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በጭንቅላት ብቻ ለመከተል አትሞክሩ።

ከየት መጣ?

ይህ አከፋፈት ሦስት ስም አለው፦ ፖላንዳዊው፣ ሶኮልስኪ እና ኦራንጉታን። ሦስተኛው ስም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ ትልቅ ውድድር ነበር። ተጫዋቾቹ ብሮንክስ ያለውን የእንስሳት ማቆያ ጎበኙ፤ ሳቪየሊ ታርታኮወር እዚያ ሱዛን ከምትባል ኦራንጉታን (ጅራት የሌላት ትልቅ ጦጣ) ጋር "ተማክሮ" ሲመለስ ጌዛ ማሮትሲን በ1. ቢ4 ገጠመው። ከመክፈቻው ጥሩ ይዞታ ይዞ ቢወጣም በመጨረሻ ተሸነፈ። ጥፋቱ ግን የሱዛን አልነበረም።

በዚያው ውድድር ላይ ሪቻርድ ሬቲ ካፓብላንካን አሸንፏል፤ ካፓብላንካ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ሽንፈት የማያውቅ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሬቲና ጓደኞቹ "መሀሉን በወታደር መሙላት ግዴታ አይደለም፤ በሩቅ ሆኖ በቢሾፕና በፈረስ መቆጣጠርም ይቻላል" ይሉ ነበር። ቢ4 የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። በኋላ አሌክሲ ሶኮልስኪ የሚባል ሶቪየታዊ (1908–1969) ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወተውና ሲያጠናው ኖረ፤ ስሙም ተጣበቀበት። የአከፋፈቶች መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ኤ00 በሚባለው የልዩ ልዩ ከረጢት ውስጥ ነው የሚከተው፣ ሌላ ቦታ ካልተገኘላቸው ጋር። ኮምፒውተሩን ብትጠይቁት እኩል ነው ወይም ለጥቁር ጥቂት ያደላል ይላችኋል። ለእኔ ይበቃኛል፤ ቡና ላይ የሚገጥመኝ ሰው ኮምፒውተር አይደለም።

አንደኛ፦ ወታደሩን ግፉ፣ ቢሾፑን አውጡ

1. ቢ4፣ ቀጥሎ 2. ቢሾፕ ቢ2። ጥቁር ምንም ቢመልስ ማለት ይቻላል ሁለተኛው እንቅስቃሴ ይኸው ነው። ቢ2 ላይ የተቀመጠው ቢሾፕ ትልቁን ሰያፍ መስመር ይይዛል። በካርታችን ከሜክሲኮ ተነስቶ፣ አራት ኪሎን አቋርጦ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚደርስ መንገድ በሉት። በመንገዱ ላይ ዲ4 እና ኢ5 አሉ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጂ7፣ ከጀርባው ኤች8 ላይ የቆመ ሩክ።

ይህን መስመር ከዓይናችሁ አታውጡት። የዚህ አከፋፈት የመሀል ትግል ባብዛኛው ለኢ5 ነው። ጥቁር ኢ5 ላይ ወታደር አስቀምጦ ተደላድሎ ከተቀመጠ ቢሾፓችሁ ግድግዳ እያየ ይውላል። ኢ5 ከተለቀቀ ወይም ከተበላ ግን መንገዱ ተከፈተ።

በነገራችን ላይ የኛው የጥንቱ ሰንጠረዥ (የኢትዮጵያ ቼዝ) ሲጀመር ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። "ወረራ" ይባል ነበር። በቢ4 ግን ወረራው ወዲያው ነው የሚያልቀው፤ መበላላቱ ከሁለተኛው እንቅስቃሴ ላይ ሊጀምር ይችላል።

ሁለተኛ፦ ንግዱን አትፍሩ

ሰው አብዝቶ የሚመልሰው 1... ኢ5 ነው። መሀል ገባ፣ ደግሞም የኤፍ8 ቢሾፑ ቢ4ን ማየት ጀመረ። እዚህ ላይ ጀማሪ ይደነግጥና 2. ኤ3 ብሎ ወታደሩን ይጠብቃል። አታድርጉት። ጥቁር ዲ5 ጨምሮ መሀሉን በሁለት ወታደር ይወርሳል፤ እናንተ ደግሞ ሁለት እንቅስቃሴ ዳር ላይ አባክናችኋል።

2. ቢሾፕ ቢ2 ቢሾፕ×ቢ4 3. ቢሾፕ×ኢ5።

እዚህ ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ወታደር በልታችኋል። እናንተ የከፈላችሁት የቢ ወታደር ነው፤ ጥቁር የከፈለው የኢ ወታደሩን። አሁን መሀል ላይ የምታሰልፏቸው የዲ እና የኢ ወታደሮች አሏችሁ፤ እሱ የቀረው የዲ ብቻ ነው። ትርፉ ይህ ነው። ኪሳራውም መታወቅ አለበት፦ ቢሾፓችሁ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፣ ምናልባት ሦስተኛም ይጨምራል። ጥቁር ደግሞ ቢሾፑን አውጥቷል፣ ለካስልም (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እንቅስቃሴ አዛውሮ ንጉሡን ወደ ጥግ ማስጠጋት) ቀርቧል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት አምስት ስድስት እንቅስቃሴዎች ሌላ ጌጥ አይፈልጉም፤ ዕዳ መክፈያ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ወዲያው እዩ፦ ቢሾፓችሁ ጂ7ን እያስፈራራ ነው። ጥቁር ሳያይ 3... ፈረስ ሲ6 ካለ 4. ቢሾፕ×ጂ7 ነው፤ የኤች8 ሩክ መውጫ የለውም። ሰው ይህን አንዴ ከተበላ በሁለተኛው ጨዋታ አይደግመውም። 3... ፈረስ ኤፍ6 ይልና መንገዱን ይዘጋል።

ሦስተኛ፦ ዕዳውን ከፍላችሁ መሀሉን ምቱ

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት፦ 4. ፈረስ ኤፍ3 ካስል 5. ኢ3 ዲ5 6. ቢሾፕ ኢ2 ሲ5 7. ካስል ፈረስ ሲ6 8. ቢሾፕ ቢ2።

በሰባተኛው ላይ ካስል ማድረጋችሁን ልብ በሉ። ንጉሡን ኢ1 ላይ ትታችሁ ወታደር ለመግፋት ብትቸኩሉ፣ ጥቁር ሩኩን ኢ8 ላይ አድርጎ ዲ4 ሲገፋ መስመሩ በንጉሣችሁ ላይ ይከፈታል። ስምንተኛው ላይ ቢሾፑ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ፈረሱ ስለመጣበት ነው፤ ሦስት ጊዜ መንቀሳቀሱ አያሳዝናችሁ፣ ወታደር አምጥቶላችኋል።

አሁን ለምሳሌ ጥቁር 8... ሩክ ኢ8 ይበል። 9. ሲ4! የአከፋፈቱ ልብ ይህች እንቅስቃሴ ናት። ከዳር የመጣ ወታደር የጥቁርን ብቸኛ የመሀል ወታደር ይመታል።

ጥቁር 9... ዲ×ሲ4 ካለ፣ 10. ቢሾፕ×ሲ4። መሀል ላይ ጥቁር ምንም ወታደር አልቀረውም፤ እናንተ ሁለት አላችሁ። ቀጥሎ ዲ4 ትገፋላችሁ። ስትፈልጉ የነበረው ይህን ነው።

ዝም ካለ ዲ5ን ብሉት። በፈረስ ሲመልስ የዲ ወታደሩ ከሰሌዳ ወርዷል።

9... ዲ4 ካለ ግን ጨዋታው ይዘጋል። 10. ኢ×ዲ4 ሲ×ዲ4 11. ዲ3። እዚህ ላይ ዲ4ን ወዲያው በፈረስ ለመብላት እጃችሁ ይበላችኋል፤ ሁለት ጠባቂ አለው፣ የሲ6 ፈረስና ንግሥቲቱ፤ እናንተም የምትመቱት በሁለት ብቻ ነው። ፈረሱንም ቢሾፑንም ሰጥታችሁ በምላሹ አንድ ፈረስና አንድ ወታደር ብቻ ታገኛላችሁ። ትዕግሥት። ሌላውን ፈረስ በዲ2 አድርጋችሁ ወደ ቢ3 አምጡት፤ ያኔ በዲ4 ላይ ሦስት ሆናችሁ። መንገዳችሁን የዘጋው ወታደር ራሱ ጥቁር ሲጠብቀው የሚውል ሸክም ይሆናል።

ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው እንቅስቃሴ ባለው ጊዜ ሲ4 ወይም ዲ4 ካልመጣ፣ ያ ሁሉ የዳር ንግድ ከንቱ ነው። ብዙ ሰው "ቢ4 ሞከርኩት፣ አይሠራም" የሚለኝ እዚሁ ላይ ተኝቶ ነው። ቢሾፑን ቢ2 አስቀምጦ ተአምር ይጠብቃል።

እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ

ይህን በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኩት፤ እንዳለ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ፣ ከአንድ ጀበና ቡና በር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ከፊቴ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ቢ4 ስገፋ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና "የጦጣዋን አመጣህብኝ?" አሉ። አወቋት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይህን በመስማቴ ጉራ ቢጤ ተሰማኝ።

1. ቢ4 ኢ5 2. ቢሾፕ ቢ2 ቢሾፕ×ቢ4 3. ቢሾፕ×ኢ5 ፈረስ ኤፍ6 4. ሲ4 ፈረስ ሲ6። ቢሾፔ ተነካ። መመለስ ሰነፈኝ፤ "ሦስት ጊዜ ከሚንቀሳቀስ ልቀይረው" ብዬ 5. ቢሾፕ×ኤፍ6። ጋሼ 5... ንግሥት×ኤፍ6 አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ። ያኔ ነው ያየሁት፦ ቢሾፔ የለም፣ የቢ ወታደሬ የለም፣ ከኤፍ6 እስከ ኤ1 ያለው መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ሩኬ። 6. ፈረስ ሲ3 ብዬ ዘጋሁ። 6... ቢሾፕ×ሲ3 7. ዲ×ሲ3 ንግሥት×ሲ3+። ቼክም ነው፣ ሩኩንም ይዛለች። ንግሥቴን ዲ2 ላይ ከመጋረድ ሌላ ምርጫ የለኝም፤ 8... ንግሥት×ኤ1+።

"ልጄ፣ ዘበኛህን ሸጠህ ቤትህን ማን ይጠብቅልሃል?" አሉኝ። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

የቢ2 ቢሾፕ በሰያፉ ላይ ፊት ለፊት ይመታል፣ ከኋላው ደግሞ የራሳችሁን ጥግ ይጠብቃል። የቢ ወታደር ከሄደ በኋላ ሌላ ጠባቂ የለም። ስለዚህ ለፈረስ አትቀይሩት፤ ከቀየራችሁም መጀመሪያ ንግሥቲቱ ከኤፍ6 ወዴት እንደምታይ እዩ።

አራተኛ፦ ኢ5ን በኤፍ6 ሲደግፍ

ንግዱን የማይፈልግ ጥቁር 2... ኤፍ6 ይላል። ኢ5 ተጠበቀ፣ ቢ4ም አሁንም እየታየ ነው። ግን ዋጋ ከፍሏል፦ ፈረሱ ኤፍ6ን አጣ፣ ንጉሡ ዙሪያውም ተላጠ።

ሁለት መንገድ አለ። ረጋ ያለው 3. ቢ5 ነው፤ ወታደሩን አሻግራችሁ ከዚያ ኢ3፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ሲ4። ሌላው የታርታኮወር ጋምቢት ነው፦ 3. ኢ4 ቢሾፕ×ቢ4 4. ቢሾፕ ሲ4። አንድ ወታደር ሰጥታችሁ ከሲ4 እስከ ጂ8 ያለውን ሰያፍ ያዛችሁ፤ መሀል ላይ ኤፍ7 ባዶ ስለሆነ ጥቁር በንጉሡ በኩል ካስል ማድረግ አይችልም። 4... ፈረስ ኢ7 ብሎ ዲ5 ለመግፋት ሲዘጋጅ 5. ንግሥት ኤች5+ ፈረስ ጂ6 6. ኤፍ4፣ ቀጥሎ ኤፍ5 ፈረሱ ላይ ይመጣል። ጥቁር ኤፍ4ን በልቶ ይህን ሊያስቀር ይችላል፤ ያኔ ግን ትልቁ ሰያፍ ላይ ኢ5 ተለቀቀ።

የእኔ ፍርድ፦ ጋምቢቱ ለአምስት ደቂቃ ጨዋታ ነው። ሰዓት በእጃችሁ ካለ ቢ5 ይሻላል፤ ጋሼን የመሰለ ሰው ወታደር ሰጥታችሁት አይመልስም።

2... ዲ6 የሚልም አለ። እሱን ብዙ አትፍሩት፤ ኢ5ን ሲጠብቅ የራሱን ቢሾፕ ዘጋ፣ ቢ4ም ከስጋት ወጣ። ኢ3፣ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ኢ2፣ ካስል፣ ከዚያ ዲ4።

አምስተኛ፦ ዲ5 ሲመልስ

ጠንቃቃ ሰው ኢ5 አይገፋም። 1... ዲ5 2. ቢሾፕ ቢ2 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ኢ6 ይላል። እዚህ የሚነገድ ወታደር የለም፤ ጥቁር ግን በራሱ እጅ ኢ5ን ትቶላችኋል። ኢ6 የኤፍ8ን ቢሾፕ ስለከፈተ ቢ4 ተነካ፤ 4. ቢ5 በሉ።

ይህ ወታደር እዚያ ሆኖ ምን ይሠራል? ሲ6ን ይጠብቃል። የጥቁር ፈረስ ወደ ተፈጥሯዊ ቤቱ መምጣት አልቻለም ማለት ነው፤ ከሲ6 ሆኖ ኢ5ን የሚታገል ፈረስ ደግሞ ለጥቁር ያስፈልገው ነበር። ዳር ላይ የቆመ አንድ ወታደር መሀል ላይ ያለ ቤት አስለቀቀ። አሁን ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ኢ2፣ ካስል፣ ሲ4፤ ሲመች ፈረሱን ኢ5 ላይ ትከሉት፣ ከኋላው ቢሾፑ ይደግፈዋል። ታርታኮወር በዚያ በ1924ቱ ጨዋታ ከዚህ ጋር ተቀራራቢ አሰላለፍ ይዞ ኤፍ4 ገፍቶ ነበር፤ ኢ5ን በወታደርም ጭምር ለመቆለፍ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጥቁር ሲ5 ሲገፋ በማለፍ መብላት (አንፓሳን) ይፈቀድላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አትብሉ። በፈረሱ ሲመልስ ስትከለክሉት የነበረውን ሲ6 በነፃ ሰጣችሁት። ኤ6 ብሎ ቢ5ን ሲነካ ደግሞ ኤ4 ብላችሁ ደግፉ። ወታደሮቹም ሩኮቹም ኤ ላይ ቢቀያየሩ፣ ኤ1 ላይ በቢሾፑ ትመልሱና ሰያፉ እንዳለ ይቀጥላል።

ስድስተኛ፦ ሲ6 እና ኤ5

አንዳንዱ 1... ሲ6 ብሎ ኤ5 ያስከትላል፤ ትግሉን እዚያው መርካቶ ላይ ሊጨርሰው ነው። 2. ቢሾፕ ቢ2 ኤ5 3. ኤ3 ብትሉ ምንም አትሆኑም። እኔ ግን ደስ የሚለኝ 3. ቢ5 ሲ×ቢ5 4. ኢ4 ነው። እሱ ዳር ላይ ወታደር ሲለቅም እናንተ ኢ4ን ይዛችሁ ዲ4ን ታስከትላላችሁ፣ መሀሉ የእናንተ ሆነ። ወታደር ማጣት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በኤ3 ቆዩ፤ አያሳፍርም።

ልምምዱ

ስልክ ላይ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ መጫወቻ በነፃ ይሠራል። እዚያ ነጭ በደረሳችሁ ቁጥር ቢ4 ብቻ ግፉ፣ ሃያ ጨዋታ። ከእያንዳንዱ በኋላ ደብተር ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ካስል ያደረጋችሁበትን እንቅስቃሴና ሲ4 ወይም ዲ4 የገፋችሁበትን። አሸነፍኩ ተሸነፍኩ የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ሁለተኛው ቁጥር አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት እያለ ከመጣ ችግሩ እዚያ ነው። ከሃያው በኋላ ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ ኮምፒውተር ክፈቱና የተሸነፋችሁባቸውን ብቻ እዩ፤ መጀመሪያ ላይ ከከፈታችሁት ከመነሻው ቢ4ን እየነቀፈ ተስፋ ያስቆርጣችኋል።

ቀጥሎ ከሰው ጋር፣ በእንጨት ሰሌዳ። ከቤት ውጪ መጫወት ሌላ ትምህርት ነው፤ ጎንህ ቆሞ ምክር የሚሰጥ አለ፣ ታክሲ ረዳቱ እየተጣራ ነው፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ኢ5 ላይ ያለው ቢሾፓችሁ መነካቱን የምትረሱት እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ጋሼ አሁን ኢ5 መመለስ ትተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ዲ5፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ኢ6 አሉ፤ ቢ5 ገፋሁ። ሲ5 አሉ፤ አልበላሁም። ፈረሳቸው ቢ8 ላይ እንደቆመ እስከ አሥራ አንደኛው እንቅስቃሴ ሳይነሳ ቆየ፣ እኔም ፈረሴን ኢ5 ላይ ተከልኩ። ሰሌዳውን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ሁለተኛ ቡና አዘዙ።